የግራ እጅ ፈትል

ጥሩነሽ ጨርቁን ከሸማኔው እጅ ስትቀበል መጀመሪያ አሸተተችው። ቀጥላ ጫፉን በጣቶቿ መሐል አሸት አሸት አደረገችና ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። ዐይኗን ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆኖታልና የምታምነው ጣቷንና ጉንጯን ነው። መልካሙ ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተተ፣ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ምርቃት ይጠብቃል። የገና ማግስት ነው። ደጁ ላይ ያደረው የጉና ውርጭ ገና አልቀለጠም።

ምርቃቱ ቀረ።

«ምነው እትዬ ጥሩነሽ፣ አልወደዱትም?»

«ይኸ የኔ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ክሩ።»

መልካሙ ሣቀ፤ የምትቀልድ መስሎት ነው። ጥሩነሽ ግን በቀልድ የምትታማ ሰው አይደለችም።

«የኔ ክር ወፍራም ነው። አንተው ራስህ ስንት ዓመት ሙሉ ‹የእትዬ ክር ለማግ እንጂ ለድር አይሆንም፣ ይጎረብጣል› ስትል ኖረሃል። ይኸ ደግሞ ነፋስ ነው እንጂ ጨርቅ አይደለም። የፋብሪካ ክር ከተትህበትና የኔን ለሌላ ሠራህበት።»

መልካሙ መወርወሪያውን መሬት ላይ አኖረው። «እትዬ፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሌባ ያለኝ ሰው የለም።»

«ሌባ አላልኩህም። የኔ አይደለም ነው ያልኩህ።»

«እሱና እሱ በምን ተለየ?»

ጨርቁን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው፤ ለምስክር ይሆናል ብላ ነው። መልካሙ ከጉድጓዱ ወጥቶ ደጃፍ ድረስ ተከተላት፤ ድምፁ ግን ለመንገደኛው ሁሉ ይሰማ ነበር። «እንግዲያው እምላለሁ! ለሥላሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌ ፊት እምላለሁ!»

«ትምላታለህ!» አለች ጥሩነሽ፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ጨርቁ የልጇ የመሰረት የሠርግ ቀሚስ ነበር። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ለጥሩነሽ የሠርግ ቀሚሷን እናቷ ነች የፈተለችላት፤ ለእናቷም እናቷ። ዛሬ ዛሬ ሙሽራ ሁሉ ከሱቅ ያለቀለትን ይለብሳል፤ መሰረት ግን «እማየ፣ ያንቺ እጅ ካልነካው አልለብስም» ብላ ነበር። ጥሩነሽ ዓመት ሙሉ ፈተለች። ታዲያ ልጇ የማን እጅ እንዳሾረው የማይታወቅ ክር ለብሳ ልትዳር ነው? ይኸ ነበር ደረቷን እንደ ጉንዳን የሚበላት።

ግን መሐላም ቀላል ነገር አይደለም። በሐሰት የማለ ዘሩ አይባረክም ይባላል። እውነተኛውን ሰው በነገር አጣብቆ ያስማለም ከኃጢአቱ ይካፈላል። የሸማኔ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ማለም አልማለም፣ ሊምል ተቀጠረ መባሉ ብቻ ይበቃዋል። ሴት ወይዘሮ ክሯን የምትሰጠው አምና ነው። «አስማሉት እኮ» ከተባለ ማን ዳግመኛ ልቃቂት ይዞ ደጁን ይረግጣል? አራት ልጆች የሚበሉት ከዚያች ጉድጓድ ነው።

ጥሩነሽ ይኸን ታውቃለች። ቢሆንም ጥርጣሬዋ ከልጅነቷ አብሯት ያደገ ነው። እህል ስታስፈጭ ወፍጮው አፍ ላይ ቆማ ዱቄቷ ከሌላው እንዳይቀላቀል ትጠብቃለች። ወተት ስትገዛ የስንዴ ሰበዝ ትነክርበታለች። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት አያቷ ለሷ ብለው የተናገሩት ይመስላታል። ሰፈሩ ፊት ለፊቷ እትዬ ይላታል፤ ዞር ስትል «ጠርጥር መጣች» ይባባላል። እሷም ታውቃለች፤ ማን ማን እንደሚለው እንኳ ለይታ ይዛለች።

ማታውኑ መሰረት ደወለች። «እማየ፣ ቀሚሱ አለቀ?»

«እየተሠራ ነው ልጄ።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ብርዱ ነው።» ስልኩን ዘጋችና ጨርቁን ከሣጥን አውጥታ እንደገና አሸተተችው።

በማግስቱ ጎረቤቷ ጽጌ ከች አለች። ጽጌ ነገር ከሩቅ የሚሸታት ሴት ነች። ጨርቁን አገላብጣ ዐየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አይ እቴ! ይኸማ የሱቅ ክር ነው። የዘነበችን ነጠላ ዐይተሽዋል? ከሱው ዘንድ ነው ያሠራችው፣ በኅዳር። ድብልብል ያለ ወፍራም ክር።»

«ወፍራም?»

«ወፍራም! ዘነበች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትፈትል? እጇ ስልክ እንጂ እንዝርት ያውቃል?»

ጥሩነሽ እህል አልቀመሰችም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ሆን ብላ ከዘነበች ጀርባ ቆመች። «ስግዱ» ሲባል ሁሉም ዝቅ አለ፤ ጥሩነሽም ዝቅ አለችና የዘነበችን ነጠላ ጫፍ ያዘች። አሸት አሸት። ወፍራም ነው። ይጎረብጣል። ልክ እንደ እሷ ክር።

ዘነበች ዞር አለች። «እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ገለባ ነው ልጄ። ገለባ ይዞሽ።»

ሁሉም ተነሥቶ ሲቆም ጥሩነሽ ገና ጫፉን አልለቀቀችም።

«ገለባው አልወጣ አለ እትዬ?»

«እኔንጃ፣ ሥር ሳይሰድ አይቀርም» አለችና እጇን ሰበሰበች። ሁለት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲንፈቀፈቁ ሰማቻቸው፤ እነሱንም ያዘችባቸው።

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን ቄስ ባምላኩን ጥላ ሥር አገኘቻቸውና ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። ቄስ ባምላኩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሟት።

«ርግጠኛ ነሽ?»

«አባቴ፣ እጄ አይዋሸኝም።»

«ሰውየው ምሎ፣ ከማለ በኋላ ክሩ ያንቺው ሆኖ ቢገኝስ? የሱን እንጀራ ማን ይመልስለታል? ክርሽን ከክሩ አስተያይተሻል?»

«ከየት አምጥቼ አባቴ? ሁሉንም ለሱ ሰጥቼው።»

«እንዝርትሽ ላይ የቀረ አይጠፋም። ፈልጊ። ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ።»

ሄዳ ፈለገች። ቆጡ ላይ፣ ከድሮ ወንፊትና ከተሰበረ ሰፌድ በታች፣ የጥጥ ሙዳይዋ ነበረች። ውስጧ አንድ እንዝርት ክር እንደተጠመጠመበት ተጋድሟል። ጥሩነሽ ነካችው። ክሩ ቀጭን ነው፣ ልክ እንደ ቀሚሱ፤ ጸጉር ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ምን እንደነበር ቢነገር ሰው አያምንም። ማን ነው ቤቴ ገብቶ ይኸን ያስቀመጠ? አለች። ጽጌ ሰሞኑን ወደ ቆጡ አንጋጣ አልነበረም? መልካሙስ በእሷ በኩል ቢሆን የላከው? በሩን መረመረች፤ ቁልፉ ደኅና ነው። ጣራውን በዘንግ ነካካች፤ ደኅና ነው። እንዝርቱን በጨርቅ ጠቀለለችና ለሥላሴ ሁለት ቀን ሲቀር ወደ ሸማኔው ወረደች።

የመልካሙ ቤት ጭር ብሏል። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲል የሚሰማው ድምፅ የለም። ሰውየው ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ትዝታ የሰጠችኝን ክር መልሳ ወሰደች» አላት ሰላምታ ሳያስቀድም። «ፍቅርተም ወሰደች። ‹ከሥላሴ በኋላ እናመጣለን› አሉ። ሌላስ ምን ቀረብዎ?»

ጥሩነሽ እንዝርቱን አወጣች። «ይኸን ቤቴ ማን አስቀመጠው?»

መልካሙ እንዝርቱን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ሳይወድ በግድ ሣቁ አመለጠው። «እኔ ነኛ! በጣራ ገብቼ! ጥጥ ሰርቄ፣ ፈትዬ፣ መልሼ አስቀምጬ!»

«አትሣቅብኝ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስ?» ገብቶ የቁራጭ ክር ቋጠሮ ይዞ ወጣ። «ይኸ ከዘነበች ነጠላ የተረፈ ነው። አክስቷ ናቸው የፈተሉላት። ይኸ ደግሞ ከመሰረት ቀሚስ የተረፈ። ይኸ ሦስተኛው አሁን ያመጡት ነው። የዘነበችን ጫፍ ይያዙና በሁለት ጣትዎ ወደ ፊት ያሹት።»

ጥሩነሽ እያመነታች አሸችው። ክሩ ላላ፣ ተፈታ፣ ጥጥ ሆነ።

«አሁን የቀሚሱን። በዚያው እጅ፣ በዚያው አቅጣጫ።»

አሸችው። ክሩ አልተፈታም። ጭራሽ ከረረ፣ ተጣጥፎ ተቋጠረ። እንዝርቱ ላይ ያለውን ያዘች። እሱም ከረረ።

«ገባዎት?» አለ መልካሙ ዝቅ ብሎ። «ሌላው ሴት ሁሉ በቀኝ እጁ ያሾራል። የሁሉም ክር በአንድ ወገን ይዞራል። በተቃራኒ የሚዞር ክር ወደኔ የሚመጣው ከአንድ ቤት ብቻ ነው።»

ጥሩነሽ ግራ እጇን ሳታስበው ነጠላዋ ሥር ሸሸገች።

ስድሳ ዓመት የሸሸገችው እጅ ነበር። እናቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያን እጅ በመቀነት ከወገቧ ጋር ታስርባት ነበር። ግራ እጅ ለንጹሕ ነገር አይዘረጋም፤ በግራ የተፈተለ ክር ማን ይለብሳል? ቀኟ ግን እንዝርት እሺ አይላትም፤ ይወድቅባታል። እናቷ ወንዝ ስትወርድ መቀነቱን ፈትታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትፈትላለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ፈትላ አታውቅም። ባሏ እንኳ፣ አፈር ይቅለለውና፣ የማያውቅ ይመስላት ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደብቀውኛላ እትዬ! ሰው የደበቀውን ምን ብዬ ልገልጥ?» ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀላት፤ ተቀመጠች። «እኔም ጠርጥሬዎት ነበር፤ ልንገርዎ። ከረጢቱን ስከፍት ላይ ላዩ ይኸ ቀጭኑ፣ ታች ታቹ እንደ ወትሮው ወፍራም። እትዬ ከሌላ ገዝተው አምጥተውልኛል ብዬ አዘንኩ። በኋላ አንድ በአንድ አሸሁት። ሁሉም የርስዎ። ወፍራሙን ለሙሽራው ጋቢ አቆይቼዋለሁ። ቀጭኑን ለቀሚሱ ድርም ማግም አደረግሁት። ደግሞ ምን ሆነው ነው እንዲህ የቀጠነው?»

ጥሩነሽ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አጋደመች። ያለፈው ክረምት መጣባት።

መሰረት የጤና ባለሙያ ነች፤ ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ነው የምትሠራው። ሐምሌ ላይ መንገዱ ተዘጋ፣ የስልክ መስመሩም ተቋረጠ። ጥሩነሽ በየቀኑ መናኸሪያ ወርዳ «ከገሳይ የመጣ አለ?» ትላለች። አንዱ ደኅና ናቸው ይላታል፤ የሚያጽናናት ይመስላትና ትጠረጥረዋለች። አንዱ አላውቅም ይላታል፤ የሚደብቃት ይመስላትና እሱንም ትጠረጥረዋለች። ስልኩን በሰዓት ሃያ ጊዜ ትደውላለች። ሁልጊዜ ያቺው አንዲት ሴት ናት የምትመልስላት፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትላለች። «ይቺ ሴትዮ ምን አግብቷት ነው ከልጄ የምትቀድመኝ?» እያለች ትቆጣ ነበር። ልቧ እየደለቀ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ «ግፊትዎ ጨምሯል እናቴ፣ ጭንቀት ይቀንሱ» አሏት። «ጭንቀት በቁና ይሰፈራል እንዴ ልቀንስ?» ብላ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ግን ነገሩ አብሰለሰላት። ቁና ባይኖር ባዘቶ አለ። የተነደፈ ጥጥ ጠቅልላ ደረደረችና ለራሷ ሕግ አወጣች። አንድ ባዘቶ ፈትዬ ሳልጨርስ ስልክ አልነካም፤ ክሩ ከተበጠሰ ቀጥዬ እስክጨርስ አልነካም። በመጀመሪያው ቀን እጇ ስለሚርድ ክሩ ይበጣጠሳል፤ ስልኩ ይርቃታል። በሁለተኛው ቀን እጇን ልታስቆም ታገለች፤ ባሰባት። በሦስተኛው ተወችው። ይራድ፣ አለች። ያኔ ርዱ ቀስ ብሎ ወደ እንዝርቱ ወረደ። እንዝርቱ ቶሎ ቶሎ ዞረ፣ ክሩ ቶሎ ከረረ። እንዳይበጠስባት ጥጡን ጥቂት ጥቂት እየለቀቀች ትስብ ጀመር። ቶሎ እንዳያልቅባትም ሳትሰጋ አልቀረችም፤ ባዘቶው ካለቀ ያቺ ሴትዮ አለች። ልቧ ሥጋቱን አልተወም፤ እጇ ግን ሥራ አገኘ። እህል ትቀምስ ጀመር። ሐሳቧ ልጇ ዘንድ ስለነበር የፈተለችውን ልብ ሳትለው እያጠነጠነች ከረጢት ውስጥ ወረወረችው። ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ስልኩ ራሱ ጮኸና «እማየ» አለ። እንዝርቱን ሙዳይ ውስጥ ጥላው ተነሣች፤ ዳግመኛም አላየችውም።

«ያኔ ልጄ ጠፍታብኝ ነበር» አለች መልካሙን፤ ሌላ አልጨመረችም።

መልካሙ ራሱን ነቀነቀ። «ሌላዋ ሲጨንቃት ክሯ ይጓጉላል፤ አውቀዋለሁ። ያንቱ ቀጠነ። ለድር የሚሆን ክር ካንቱ እጅ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው።»

«በል መሐላውን ተወው እንግዲህ። ታርቀናል።»

«አልተውም እትዬ። አሁን ብተወው ‹ለምኖ አስቀራት› ነው የሚባል። ወይ እኔ እምላለሁ፣ ወይ አንቱ ሰው ፊት ያነሡታል።»

የሥላሴ ዕለት ቅዳሴው ወጥቶ ሕዝቡ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ፈሰሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ መልካሙ ነጠላውን አገልድሞ ቆመ። ጽጌ ከፊት ናት፤ ዘነበች አለች፤ ትዝታና ፍቅርተም አሉ። ጥሩነሽ የሰዉን ብዛት ስትሰማ ልቧ እንደ ክረምቱ ይደልቅ ጀመር።

«ይምል» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«አይምልም» አለች ጥሩነሽ። «ክሩ የኔ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጽጌ ቀደመች፦ «ምን ሰጥቶሽ ነው? ባለፈው የኔ አይደለም አላልሽም?»

ይኸንን ነበር የፈራችው። ቃሏን ማንም አላመናትም፤ እሷስ ብትሆን ታምን ነበር? ከብብቷ እንዝርቷንና አንዲት ባዘቶ አወጣች።

«በሥላሴ ቀን እንዝርት!» አለ ሰው ሁሉ። ቄስ ባምላኩ መቋሚያቸውን አነሡ፤ ጥሩነሽ ሊያባርሯት መሰላት።

«ለሥራ ከሆነ ነውር ነው» አሉ ቄሱ። «ለምስክርነት ከሆነ፣ አንድ ክንድ። ከአንድ ክንድ አይለፍ።»

አንድ ክንድ! ከተበጠሰ ሁለተኛ የለም። መሬት ላይ ተቀመጠች። ግራ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣች፤ ሰው ሁሉ እያየ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «ግራኝ ናት እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ሰማች፤ የማን ድምፅ እንደሆነ እንኳ አልለየችውም። ልታስቆመው አልታገለችም። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሾረችና ጠበቀች፤ ርዱ እስኪወርድለት። ወረደ። ክሩ ከጣቶቿ መሐል እንደ ጸጉር ሆኖ ወጣ፣ ረዘመ፣ አልተበጠሰም።

«በቃ» አሉ ቄስ ባምላኩ።

ሽማግሌዎቹ ክሩን ተቀባበሉ። መልካሙ እንዴት እንደሚታሽ አሳያቸው። የቀሚሱን ቁራጭ አሹ፤ ከረረ። አሁን የተፈተለውን አሹ፤ ከረረ። ዘነበች ራሷ የነጠላዋን ጫፍ መዝዛ ሰጠቻቸው፤ ተፈታ። «ገለባው ይኸ ነበር እትዬ?» አለቻት። ሕዝቡ ፈነዳ፤ ጥሩነሽም ሳታስበው ሣቀች።

«አዎ፣ ግራኝ ነኝ» አለች ከተቀመጠችበት። «ሰውየውን በከንቱ አማሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ካሳ ፈረዱባት፤ ለመልካሙ ሚስት የአንድ ነጠላ ፈትል፣ ቀጭኑን። ትዝታ ወደ መልካሙ ጠጋ ብላ «ነገ ክሬን ላምጣ?» አለችው። «እትዬ ጥሩነሽን አስፈቅጂ» አላት እሱ፤ ቂሙ ገና አልበረደለትም።

በሦስተኛው ቀን መልካሙ የካሳውን ጥጥ በከረጢት ይዞ ደጇ ድረስ መጣ። «ደግሞ ሐሳብ ሲገባዎ ይፈትሉት እንጂ ደስ ሲልዎ አይንኩት» አላት።

«ሐሳብ የማጣ መስሎህ ነው? ልጄን ሰው ቤት እየሰጠሁ?»

ከረጢቱን ተቀበለች። አፉን ፈትታ፣ አንድ እፍኝ ጥጥ አውጥታ አሸተተችው።